የተዘለሉት ሴሎች

እኔ ያለሁበትን ክፍል በሽተኛ አያውቀውም። ዊኒፔግ ከሚገኝ አንድ ሆስፒታል ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ቀጥሎ ባለ ቤተ ሙከራ ውስጥ ተቀምጬ የሰዎችን ክሮሞሶም አያለሁ፤ ሰዎቹን ግን አላያቸውም። ይህ ደግሞ ለኔ ይስማማኛል። ሰው ያወራል፣ ያለቅሳል፣ ተስፋ ስጪኝ ይላል፤ ስላይድ ዝም ይላል። ስሜ ኢንግሪድ ቶርቫልድሰን ነው። ጡረታዬ ተቃርቧል፣ ውጤት ሲወጣም የመጨረሻው ፊርማ የኔ ነው።

የምንሠራውን ምርመራ በአጭሩ ልንገራችሁ፣ አለዚያ ያን ያህል ምን አስጨነቃት ትላላችሁ። ሴል ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ዲኤንኤውን በሙሉ ይገለብጣል። ለመገልበጥም ሁለቱን ክሮች እንደ ዚፕ እየከፈተ ይሄዳል። ዚፑን መንገድ ላይ አንዳች ነገር ቢይዘው ጤነኛ ሴል በጉልበት አይጎትትም። ይቆማል፣ ተከፍቶ የተራቆተውን ክር ይሸፍናል፣ ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ የያዘውን ነገር ቆርጦ ያወጣና ጠግኖ ይቀጥላል። ለዚህ ሥራ የተመደቡ ጠባቂዎች አሉት። ከወላጆቹ በወረሰው ስህተት ምክንያት ከጠባቂዎቹ አንዱ የጎደለው ሰው አለ። የዚህ ሰው ሴል ቢቆምም ክሩን መጠበቅ አይችልም፤ ክሩ ይበላል፣ ይሰበራል፣ ስብርባሪው ካገኘው ጋር ይጣበቃል። እኛ በበሽተኛው ደም ላይ ሁለቱን ክሮች አንድ ላይ የሚሰፋ መድኃኒት እንጨምራለን፣ ከዚያ በማይክሮስኮፕ እናያለን። የጤነኛው ሴል ተጠግኖ ይገኛል፣ የታማሚው ተሰባብሮ።

ለካንሰር ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱም ሥራው ይኸው ነው፤ ክር ይሰፋል። የካንሰሩ ሴል መፍታት አቅቶት ይሞታል፣ የቀረው ሰውነት እየጠገነ ይተርፋል። መጠገን የማይችል ሰው ከወሰደው ግን ካንሰሩም ሰውየውም አብረው ይሄዳሉ።

የካቲት ውስጥ፣ የመኪናውን ሞተር ማሞቂያ ኤሌክትሪክ ላይ ሳይሰካ ያደረ ሰው ጠዋት በእግሩ በሚመጣበት ብርድ፣ ከካንሰር ሐኪሙ ከማልኮም ስትራከን ዘንድ ደም መጣልን። በሽተኛው ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ምላሱ ላይ ካንሰር ወጥቶበታል፣ ሲጋራ በአፉ ዞሮ አያውቅም። አውራ ጣቶቹም ከልክ በላይ ትንንሽ መሆናቸውን ማልኮም አይቷል። ጎበዝ ሐኪም ነው፣ ሁለቱም ጠባቂ የጎደለው ሰው ምልክት ስለሆኑ ጠርጥሮ ነው የላከው። መድኃኒቱና ጨረሩ የሚጀመሩት ሰኞ ስለሆነ ውጤቱን እስከ ዓርብ ይፈልገዋል።

እኛ ቤት አንድ ስላይድ ሁለት ሰው ነው የሚያነበው። አንዱ የሌላውን ቆጠራ አያውቅም፣ ሁለቱም የበሽተኛውን ስም አያውቁም፣ ከጤነኛ ሰው ደም ጋር ተደባልቆ በቁጥር ብቻ ይቀርብላቸዋል። መጀመሪያ ያነበበው ጋረት ዊብ ነው። ጋረት ስታይንባክ የምትባል የገጠር ከተማ ልጅ ነው፤ እንደ አገሩ ሰው ጠንቃቃ፣ ንጹሕ፣ ምሳውን እንኳ በመስመር የሚደረድር። ከኔ በኋላ ወንበሩ የሱ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን፣ ስለዚህ አንዳችን ለሌላችን አንራራም። ቆጥሮ ጨርሶ ወረቀቱን ገለበጠና፣

«ያንቺ ተራ ነው እሜቴ፣ መነጽርሽን እንዳትረሺ» አለኝ።

«መነጽሬን ብረሳም ካንተ የተሻለ አያለሁ።»

«እሱን ነው የምፈራው» አለና ሬዲዮኑ ላይ የሆኪ ወሬውን ከፈተ።

ተቀመጥኩ። ሴሎቹ ጥሩ ነበሩ። ክሮሞሶሞቹ ተራርቀው ተዘርግተዋል፣ አንዱ በሌላው ላይ አልተነባበረም፣ እንዲህ ያለውን መቁጠር ዕረፍት ነው። አንድ፣ ንጹሕ። ሌላ፣ ንጹሕ። ወደ ስላይዱ ጠርዝ ስደርስ አንድ የተዝረከረከ ነገር አየሁ፤ ጠብታው ሳይዘረጋ የደረቀ መሰለኝና አለፍኩት። ሁላችንም እንዲህ ነው የተማርነው። ለመቁጠር የሚመች፣ በደንብ የተዘረጋ ሴል ምረጥ፣ የተበላሸውን ዝለል፤ እኔ ራሴ ለጋረት ያስተማርኩት ይህንኑ ነው። ሌላ ደርዘን ያህል ከቆጠርኩ በኋላ ሌላ ዝርክርክ መጣ። እሱንም ልዘል ስል እጄ ቆመ።

ጠብታ ሲበላሽ ጎረቤቱም አብሮ ይበላሻል። የዚህኛው ጎረቤቶች ግን በግራም በቀኝም እንደ አዲስ ሰሃን ንጹሕ ነበሩ። ትልቁን ሌንስ አወረድኩና አተኩሬ አየሁት። ዝርክርኩ ዝርክርክ አልነበረም። ክሮሞሶሞቹ ተሰብረው፣ ስብራታቸው ከሌላ ስብራት ጋር ተጣብቆ፣ ሁለት ሦስቱ መስቀል የመሰለ ቅርጽ ሠርተዋል። ወደ መጀመሪያው ተመለስኩ። እሱም እንዲያው ነው።

ስላይዱን ከዳር እስከ ዳር እንደገና ሄድኩበት፣ አሁን የምፈልገው የተበላሹትን ብቻ ነው። ከመቶው ሰባት ስምንት ያህሉ ድቅቅ ያሉ ናቸው፣ የቀሩት አንድ ጭረት የለባቸውም። መካከለኛ የሚባል የለም።

«ጋረት፣ ቅድም የዘለልካቸው ነበሩ?»

«የት ላይ?»

«እዚህ ላይ ነዋ፣ ሆኪው ላይ ነው እንዴ?»

«ነበሩ እንጂ፣ ጥቂት መጥፎ ጠብታ ነበር። ዘለልኩት።»

«ና እስቲ እይ።»

መጥቶ አየ። ብዙ ጊዜ አየ። ሬዲዮኑን ዘጋው፣ ጆሮው ጫፍ ድረስ ቀላ።

«የስብራቱ አማካይ ግን እነዚህን ቢጨምሩበትም ከወሰኑ በታች ነው» አለ ቀስ ብሎ። «በደንቡ ከሄድን ጤነኛ ነው የምንለው።»

እውነቱን ነው፣ በደንቡ ጤነኛ ነው። ደንቡ ግን አማካይ ነው፣ አማካይ ደግሞ አንዱ ጠግቦ ሌላው ተርቦ ሁለቱም በልተዋል የሚል ፍርድ ነው። ይህን ዓይነት ነገር ከዚህ በፊት አንብቤው አውቃለሁ፣ በዓይኔ ግን አላየሁትም ነበር። አንዳንዴ የታመመ ሰው መቅኔ ውስጥ አንዲት እናት ሴል ስትገለብጥ ትሳሳታለች፣ ስህተቷም የወረሰችውን ስህተት በዕድል ያርምላታል። የሷ ልጆች ጤነኞች ናቸው። ከታመሙት ፈጥነው ይባዛሉ፣ በዓመታት ውስጥ ደሙን ከሞላ ጎደል ይወርሱታል። ደሙ ይድናል። ምላሱ፣ ጉሮሮው፣ አንጀቱ፣ ቆዳው ግን እንደተወለደ ነው። እኛ የምንመረምረው ደግሞ ደሙን ነው።

ስሙን ከዝርዝሩ ላይ ከፈትኩ፤ የማልኮም በሽተኛ ነው፣ ክሊንት ሃውሪሉክ፣ የብራንደን ከተማ ሰው። ለማልኮም ደወልኩ።

«ጤነኛ ነው በይኝና ደስ ይበለኝ» አለ ማልኮም ገና ሃሎ ሳልል።

«አልፈርምም።»

«ምን ማለት ነው? ታማሚ ነው?»

«እሱንም አልፈርምም። ከቆዳው ቁራጭ ላክልኝ።»

የሆነውን ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ፣ «ቆዳ አብቅለሽ ውጤት እስክትሰጪኝ ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አለ።

«አራት ሳምንት ግድም። ቀልጠፍ ካለ ሦስት።»

«ኢንግሪድ፣ የሰውየው ካንሰር ወር የሚታገስ ይመስልሻል? ሰባት ስምንት የተበላሸ ጠብታ አይተሽ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ልትልኪኝ ነው?»

«ጠብታ አይደለም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ብሆንማ ታማሚ ነው ብዬ እፈርም ነበር። እርግጠኛ አለመሆኔን ነው የነገርኩህ።»

በረጅሙ ተነፈሰ። «ሰውየው ምን እንደሚሠራ ታውቂያለሽ? የከብት አጫራች ነው። የሚበላው በምላሱ ነው። ቀዶ ጥገና አለ ስለው፣ ምላሴን ከምትቆርጡ አንገቴን ቁረጡኝ አለኝ። መድኃኒትና ጨረሩን የመረጠው ምላሱን ለማትረፍ ነው። ጤነኛ ነው ካልሽኝ ምላሱ ይተርፋል። ታማሚ ነው ካልሽኝ ቢላዋ ነው። ምንም ካላልሽኝ ደግሞ እየጠበቅን ካንሰሩ ያድጋል።»

ስለ በሽተኛ ሥራ እንዲህ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ባይነግረኝም በወደድኩ። «መድኃኒቱን ሰኞ ከሰጠኸውና ቆዳው እንደነዚህ ሰባቶቹ ከሆነ» አልኩት፣ «በሁለተኛው ሳምንት የምትፈርመው የሞት ወረቀት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ይሄ ደግሞ ከፈሰሰ አይለቀምም።»

«ከተሳሳትሽስ? ጤነኛ ሰው ወር ሙሉ አስጠብቀሽው ከሆነስ?»

«ያስጠበቀችህ እሷ ናት ብለህ ስሜን ንገረው።»

«እነግረዋለሁ» አለና ዘጋው። ተቆጥቶ ነው፣ ቁጣው ግን ለሰውየው ነበር፣ ስለዚህ አልተቀየምኩም። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ፈርቼ ነበር። ለሥራዬ አይደለም፤ ለማላውቀው ሰው ምላስ ነው የፈራሁት።

ቆዳው ሰኞ መጣ፣ ከክንድ ውስጥ የተወሰደች የምስር ፍሬ የምታክል ቁራጭ። በጠርሙስ አድርገን ማሞቂያው ውስጥ አስቀመጥናት። የቆዳ ሴል እንደ ደም አይደለም፣ ሰነፍ ነው፣ መጀመሪያ ከጠርሙሱ ወለል ጋር መላመድ አለበት። ጋረት በየጠዋቱ ካፖርቱን ሳያወልቅ ሄዶ ያያታል። እኔ «ማሰሮ ላይ ያፈጠጡበት ውሃ አይፈላም» እያልኩ አሾፍበታለሁ፣ እሱ ሲወጣ ግን እኔም ሄጄ አያለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ማልኮም ደወለ። ለክሊንት ነገሩን በሙሉ አስረድቶታል፣ ቢላዋውን አሁኑኑ ከፈለገም ቀጠሮ እንደሚይዝለት ነግሮታል። ክሊንት እጠብቃለሁ ብሏል። ቆዳው ደህና ከሆነ ምላሱ ይተርፋላ።

«ካንሰሩ አድጓል?» አልኩት።

«አድጓል።»

ያን አልክደውም። ባይጠብቅ ይሞት ይሆናል ብዬ ነው ያስጠበቅኩት፣ ሲጠብቅ ግን ከምላሱ የሚቆረጠው በየቀኑ እየሰፋ ነበር። ሁለቱም እውነት ናቸው፣ አንዱ ሌላውን አያጥበውም።

በመጋቢት፣ ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈው የቀይ ወንዝ በረዶ መሰነጣጠቅ ሲጀምር፣ ሴሎቹ ደረሱ። መድኃኒቱን ጨመርንባቸው፣ ከጤነኛ ሰው ቆዳ ጋር ደባልቀን ስላይድ ሠራን፣ ቁጥሮቹን ሌላ ሰው ለጠፈልን። ጋረት አነበበ፣ ምንም ሳይዘል። አንብቦ ሲነሳ ፊቱን ሊያሳየኝ አልፈለገም፣ ሕጉም አይፈቅድም፣ ቡና ላመጣ ብሎ ወጣ።

እኔ ስቀመጥ የመጀመሪያው ስላይድ ንጹሕ ነበር። የሱ ይኸኛው ይሁን፣ ይኸኛው ይሁን እያልኩ ቆጠርኩት። ሁለተኛውን ሳስገባ መቁጠር አላስፈለገኝም። ደኅና የሚባል ሴል የለበትም። ሁሉም ተሰባብረዋል፣ ያ ጠርዝ ላይ የነበረው ዝርክርክ በየቦታው ተቀምጧል። የትኛው የማን እንደሆነ አላውቅም ብዬ ራሴን ማታለል ፈለግሁ፤ ጤነኛው ሰው ምናልባት ታማሚ ቢሆንስ እስከ ማለት ደረስኩ። ቁጥሩ ሲፈታ ሁለተኛው የክሊንት ነበር። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ ልክ መሆኔን የጠላሁት ያን ቀን ነው። ፈረምኩ።

ጋረት ቡናውን ከፊቴ አስቀመጠና፣ «አንቺ ባትመለሺ ኖሮ እኔ ገድዬው ነበር» አለ።

«እኔም መጀመሪያ ዘልዬዋለሁ። ጠጣ ይልቅ፣ ይቀዘቅዛል።»

ለቀዶ ጥገናው ቀን ተቆረጠ። ከምላሱ ከግማሽ በላይ ይወሰዳል፣ ከክንዱ ሥጋ ተወስዶ ይተካል። ማልኮም እንዳለው መናገር ይናገራል፣ ግን ቀስ ብሎ፣ ለለመደው ጆሮ። ጨረታ የሚያስኬድ አንደበት አይሆንም።

በዋዜማው ከቀትር በኋላ ማልኮም ደወለና፣ «እነ ክሊንት እዚህ ናቸው። የራሱን ሴል ማየት ይፈልጋል» አለኝ።

«እኛ ጋ በሽተኛ አይመጣም።»

«አውቃለሁ። ነግሬዋለሁ። እሷን ሴትዮ ሳላያት ቢላዋ ሥር አልገባም አለ። ስሜን ንገረው ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

መጡ። ክሊንት አጭር ሰው ነው፣ ቀጭን፣ ኮፍያውን በእጁ ይዟል። ሚስቱ ጆሊን በቁመት ትበልጠዋለች፤ የሁለቱንም ካፖርት በክንዷ ደራርባለች። ገና በሩ ላይ ሆኖ ማውራት ጀመረ፣ እብጠቱ ቃሉን ትንሽ ያኮላትፈዋል፣ ፍጥነቱን ግን አልቀነሰለትም።

«እርስዎ ነዎት ወይዘሮ ኢንግሪድ? ይሄን ወር ሙሉ በቁም ያቆሙኝ? እኔ ደግሞ አንድ ግዙፍ ሴትዮ ነበር የጠበቅኩት፣ በሬ በቀንዱ የምታቆም። ጆሊን፣ እያት እስቲ፣ እዚህች እጅ ነው የወደቅነው!»

«ክሊንት፣ ሰውየው ይሥሩበት» አለች ጆሊን ወደ ጋረት እያየች፣ ክሊንት በሩ ላይ ቆሞ መንገዱን ዘግቶበት ስለነበር።

መጀመሪያ ደሙን አሳየሁት። ዓይኑን ሌንሱ ላይ ማሳረፍ ከበደው፣ ጋረት ወንበሩን ከፍ አደረገለት።

«ይሄ እኔ ነኝ? ንጹሕ ነው እኮ!»

«ደምህ ነው። ራሱን አድኗል። እኛ አይደለንም ያዳንነው፣ ሐኪምም አይደለም።»

«ስሚ ጆሊን፣ ጎበዝ ደም ነው ያለኝ።»

ከዚያ ቆዳውን አስገባሁለት። ጆሊን ካፖርቶቹን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች። ክሊንት ከሌንሱ ሳይነሳ፣ «በሬ የገባበት አጥር ይመስላል» አለ። ቀጥሎም፣ «ምላሴም እንዲህ ነው?»

«ምላስህም፣ ጉሮሮህም፣ አንጀትህም።»

ተነስቶ ወደኔ ዞረ። ዓይኑ ፈካ ያለ ሰማያዊ ነው፣ ሰው ሲያይ ከብት የሚገምት ይመስላል። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ አይሸንግሉኝ። ያን ቀን ያችን የተበላሸች ሴል ዘለው ቢያልፏት ኖሮስ?»

አልሸነገልኩትም። «መድኃኒቱ ሰኞ ይጀመርልህ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አፍህና አንጀትህ ይላጣል። አሁን ያየኸው ጎበዝ ደምህ ሊተርፍ ይችላል፣ የቀረው ሰውነትህ ግን አይችለውም። ከዚያ የሚመልስህ ሐኪም አላውቅም።»

«ምላሴስ?»

«ምላስህ በቦታው ይኖር ነበር።»

«እያወራሁ እሞት ነበር በሉኛ!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ለብቻው ነበር። «ለኔ ዓይነቱ ሰው እኮ መጥፎ አሟሟት አይደለም።»

ጆሊን ካፖርቶቹን ወለሉ ላይ ጣለቻቸው። እስከዚያ ድረስ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም ነበር።

«አንተ ውሻ!» አለችው። «ካገባሁህ ጀምሮ እኔ የቱን ጨረስኩ? አንድ ወሬ ጀምሬ እስከ መጨረሻው አስኪደኸኝ ታውቃለህ? እኔ ምላስህን አይደለም ያገባሁት፤ ከነገ ጀምሮ እኔ አወራለሁ፣ ለሁለታችንም እበቃለሁ። አንተ ቁጭ ብለህ ስማኝ። አርጅተህ፣ ተጎሳቁለህ፣ ስማኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ክሊንት ጎንበስ ብሎ ካፖርቶቹን አነሳ፣ የሷን አራገፈላት። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣

«ወይዘሮ ኢንግሪድ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ብቻችንን ሊተዉን ይችላሉ? ሳልነግራት የቀረ ነገር አለኝ፣ በዚህኛው አንደበቴ መንገር እፈልጋለሁ» አለኝ።

ቤተ ሙከራውን ለእንግዳ ትቶ መውጣት ክልክል ነው። ማይክሮስኮፑን አጠፋሁ፣ ጋረትን በእጄ ጠራሁት፣ ወጥተን በሩን ዘጋን።

ኮሪደሩ ላይ ከልብስ ማጠቢያው የሚመጣው ሙቀት ነበር። ጋረትና እኔ ግድግዳውን ተደግፈን ቆምን። ከበሩ ወዲያ ድምፁ ይሰማል፣ ቃሉ አይለይም፤ ይፈጥናል፣ ያኮላትፋል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይፈጥናል። የሷ ድምፅ አንዴም አልተሰማም። ከላይ ፎቅ ናሙና ውሰዱ ሊሉን ደወሉ፣ ጋረት ኪሱ ውስጥ እንዳለ የስልኩን ድምፅ አጠፋው።

«ቆየ» አለኝ በሹክሹክታ።

«ይቆይ» አልኩት።